ያልታሸችው እህቴ

ስንዱ የመውለዷ ወሬ የደረሰኝ እጄ በቅቤ ርሶ ሳለ ነው። እዚህ ጋምቤላ ቅቤ አይረጋም። ሞላሌ ገበያ ላይ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ የተገዛው፣ በሰው በሰው ተልኮ እኔ ዘንድ ሲደርስ ዘይት ሆኖ ነው። ከላስቲኩ ወደ ጠርሙስ እያንቆረቆርኩ ሳለ ስልኩ ጮኸ፤ በክርኔ ነካ አድርጌ ከፈትኩት። እናቴ ናት፤ ከሰላምታው እልልታው ቀደመ። ታናሽ እህቴ ስንዱ ደብረ ብርሃን ላይ በሰላም ተገላግላለች፤ ሴት ናት፤ እናትም ልጅም ደኅና ናቸው። «እንኳን ማርያም ማረቻት» አልኩ፤ ዓይኔ እንባ ሞላ።

ከዚያ እናቴ አጠገቧ የሚሰማት ሰው ያለ ይመስል ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አፍንጫዋ ግን ያው የእናቷ ነው» አለችኝ። ወዲያው ደግሞ ሳቅ ብላ፣ «ግዴለም፣ ለአራስ ጥየቃው እትዬ ወርቄም አብረውኝ ይመጣሉ። እኔው ነኝ የማሻት ብለዋል። ለጋ ቅቤም ተገኝቷል፤ ዘንድሮ ደግሞ የሚልሰው የለም» አለች።

ይህ በቤታችን የቆየ ቀልድ ነው። በተሰበሰብን ቁጥር አንዱ ያነሳዋል፤ እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ያን ቀን ግን ሳቁ እምቢ አለኝ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ከጣቶቼ መካከል የሚንጠባጠበውን ቅቤ እያየሁ ቆምኩ፤ ሽታው ይዞኝ ነጎደ።

ልጅ እያለሁ፣ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው፣ ከሞላሌ ወረድ ብላ በምትገኝ መንደር እንኖር ነበር። አባታችን ገብስ ያርሳሉ፤ እርሻ በማይኖርበት ጊዜ ደግሞ ከበጎቻችን ጸጉር ባና ይሠራሉ። ክሩን ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው እየዳሰሱ ቀጭኑን ከወፍራሙ ይለዩ ነበር። ያንን ልብስ ለብሶ የተኛ ሰው መቼም አይረሳውም፤ ያሳክካል፣ በግ በግ ይሸታል፣ ብርድ ግን አያስነካም።

በእኛ አገር ሕፃን ሲወለድ መልኩ ገና አላለቀም ይባላል። የቀረውን የሰው እጅ ይጨርሰዋል። ማለዳ ፀሐይ ሞቅ ሲል አንዲት ሴት ደጅ ላይ እግሯን ዘርግታ ትቀመጣለች፤ ሕፃኑን ቅልጥሞቿ ላይ ታጋድማለች። ቅቤውን በመዳፏ አሙቃ ጭንቅላቱን ክብ፣ ግንባሩን ልሙጥ ታደርጋለች። ከዚያ ወደ አፍንጫው ትመጣለች። ከቅንድቡ መሀል በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዛ ወደ ታች ሳብ፣ ጫፉ ላይ ቆንጠጥ። የእኔ ዕድሜ ሰዎች ይህን ስታነቡ አፍንጫችሁን እንደምትነኩ አውቃለሁ። ያልታሸ ማን አለ?

በሰፈራችን በዚህ ሥራ የታወቁት የእናቴ ታላቅ እህት እትዬ ወርቄ ነበሩ። እሳቸውም እናቴም አፍንጫቸው ሰልካካ ነው፤ በዚያም ይኮራሉ። እትዬ ወርቄ ሲያሹ፣ «በስመ ሥላሴ፣ ሰልከክ በይ፣ እንደ ጧፍ ቀጥ በይ» ይሉ ነበር። ሕፃኑ ያለቅሳል፣ እሳቸው ይስቃሉ። «የዛሬ ለቅሶ የነገ ሙሽርነት ነው» የሚሏት አባባል ነበረቻቸው።

ስንዱ የተወለደችው ሁዳዴ ሊገባ ጥቂት ቀርቶት ነው። አባታችን ገና እንዳዩዋት፣ «እናቴ! እናቴ ናት ተመልሳ የመጣችው!» ብለው ጮኹ። አባታቸው በልጅነታቸው ሞተውባቸው ያሳደጓቸው እናታቸው ነበሩ፤ እኔ አላየኋቸውም፤ አፍንጫቸው ሰፋ ዝቅ ያለ ነበር አሉ። እትዬ ወርቄ ግን ሕፃኗን ወደ ብርሃኑ አዙረው ተመለከቱና ከንፈራቸውን መጠጡ። ለወንድ ቢሆን ኖሮ ግድ አልነበረም፣ ለሴት ግን አይሆንም አሉ። ጥቂት ሳምንት እንዳሿት የራሳቸው ምራት ታመመችና ወደ ቤታቸው መመለስ ግድ ሆነባቸው። እናቴ ከወሊዱ ገና አላገገመችም። ሥራው ለእኔ ተሰጠ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ትምህርት ቤት የምገባው በከሰዓት ፈረቃ ነው።

እትዬ ወርቄ ቅቤውን በትንሽ ቅል አድርገው ሰጡኝና በጣቴ ይዘው አሳዩኝ። «እስከ ክርስትናዋ ነው፤ አጥንቷ ሳይጠና። ከዚያ ወዲያ ማንም አያቃናትም» አሉኝ። «እንግዲህ መልኳ ያለው ባንቺ እጅ ነው።»

ያ ሁዳዴ የመጀመሪያ ሙሉ ጾሜ ነበር። ከእኩዮቼ ሁሉ ቀድሜ እንደ ትልቅ ሰው እጾማለሁ ብዬ የተናገርኩት እኔው ነኝ። በየቤቱ ወተቱም ቅቤውም ተሰቅሏል፤ አራስ ጾም የለባትምና በእኛ ቤት ለእናቴ የሚሆን ቅቤ አለ፤ የስንዱ ቅልም አለ። ያንን ቅል የምከፍተው ደግሞ እኔ ነኝ፣ በማለዳ፣ በባዶ ሆድ፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ሰዓት። ቅቤው በመዳፌ ሙቀት ሲለሰልስ የሚሸተው ሽታ ዛሬም አፌን ውኃ ያስሞላዋል። መጀመሪያ ጣቴን ብቻ ላስኩ። አፍንጫዋን ነካ ነካ አደርግና የተረፈውን እልሳለሁ። ቆይቶ ነካ ማድረጉም ቀረ። ስንዱ ቅልጥሜ ላይ ተጋድማ፣ ጥቋቁር ዓይኖቿን ገልጣ፣ ስልስ ታየኝ ነበር። የማታለቅስ ሕፃን ናት ብለው ያመሰግኗት ነበር፤ ለምን ታልቅስ፣ የሚያሻት የለም።

ለክርስትናዋ እትዬ ወርቄ መጡ። መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ሕፃኗን አዩ፤ ወደ እኔ ዞሩ። «ይህች ልጅ አልታሸችም» አሉ። የተናገሩት ይህን ብቻ ነው። እኔ «አሽቻታለሁ» አልኩ። በጾም ቅቤ መላሴ አንድ፣ በክርስትና ቀን መዋሸቴ ሁለት። እግዚአብሔር ኃጢአቴን በወረቀት ሳይሆን በእህቴ ፊት ላይ የጻፈው መሰለኝ፤ ያየ ሁሉ እንዲያነበው።

አባታችን ግን የእትዬ ወርቄ ሐዘን አልገባቸውም። ልጃቸውን «ጎራዳዬ» ብለው ጠሯት። በሌላ ሰው አፍ ቢሆን ስድብ ነው። እሳቸው ሲሉት ግን ማር ነበረው። ከእርሻ ሲመለሱ ገና ከአጥሩ ማዶ «ጎራዳዬ!» ሲሉ ስንዱ ያለችበትን ጥላ ትሮጣለች። እንግዳ መጥቶ ስምሽ ማን ነው ሲላት፣ «ስንዱ። አባባ ግን ጎራዳዬ ነው የሚሉኝ» ትላለች፤ አንገቷን ቀና አድርጋ። ሁሉ ይስቃል፤ እሷም ትስቃለች። እኔ ብቻ መሬት መሬት አያለሁ።

ትምህርቴን ጨርሼ ደብረ ብርሃን ለመምህርነት ሥልጠና ልሄድ ስል፣ ከመንገዴ በፊት ሥጋ ወደሙ ለመቀበል አሰብኩና የንስሐ አባታችን ዘንድ ሄድኩ። የቅቤውን ነገር ተናገርኩ። ፊታቸውን በመስቀላቸው ከለል አደረጉ፤ ሳቃቸውን እየታገሉ እንደነበር አሁን ይገባኛል። ለጾሙና ለውሸቱ ስግደት ሰጡኝ። ስለ አፍንጫው ስጠይቃቸው ግን ፊታቸው ኮስተር አለ። «እሱን ተይው ልጄ። ሠሪው እያለ አንቺ ምን አገባሽ? ለሕፃኗም እንዳትነግሪያት» አሉኝ።

እኔ ደግሞ ጠንቃቃ ነበርኩ። ጠንቃቃነቴን ሰንበት ትምህርት ቤትም ቤትም ያመሰግኑልኝ ነበር። የበደሉትን ሳይታረቁ ወደ ቍርባን መቅረብ እሳት መብላት ነው ሲባል ሰምቻለሁ። የአባን ቃል ማለፌ ከጽድቅ የበለጠ ጽድቅ መሰለኝ። ስንዱ በደል እንደደረሰባት እንኳን አለማወቋን አላሰብኩትም።

ከቤታችን በር ላይ ቅልብልቦሽ ስትጫወት አገኘኋት። ስምንት ዓመቷ ነው። ጠጠሮቹን ወደ ላይ እየወረወረች በእጇ ጀርባ ትቀልባለች፤ ጎበዝ ነበረች። ተንበርክኬ ጉልበቷን ሳምኩ። ጨዋታ መስሏት ሳቀች። ይቅር በይኝ አልኳት፤ ስለ ጾሙ፣ ስለ ቅሉ፣ እያንዳንዱን ነገር አንድ በአንድ ነገርኳት። አፍንጫሽን እንዲህ ያደረግኩት እኔ ነኝ አልኳት።

የወረወረችው ጠጠር መሬት ወደቀ። እጇን ወደ ፊቷ ወሰደች።

«አፍንጫዬ ምን ሆነ?» አለችኝ።

የወደቀውን ጠጠር አንስቼ ዘረጋሁላት። ሳትቀበለኝ፣ «አባባ ጎራዳዬ የሚሉኝ ለዚህ ነው?» ስትለኝ ደግሞ ማልቀስ ጀመርኩ፤ ማልቀሴ መልስ ሆነላት። «ይቅር ብዬሻለሁ እታለም» አለችኝ በመጨረሻ፤ ልጆች ይቅርታ ሲጠየቁ እንዲሉ የተማሩት ይህን ነውና። ጠጠሮቿን ሳትሰበስብ ገባች። በማግሥቱ ቈረብኩ። ሸክሜን አውርጄ ቀልሎኝ ነበር፤ ያወረድኩት የት እንደሆነ ግን ዘወር ብዬ አላየሁም።

በዚያው ሰሞን ስንዱ አባታችንን፣ «አባባ፣ ከእንግዲህ ጎራዳዬ አይበሉኝ» አለቻቸው። የጓሳ ሣር ገመድ እየገመዱ ነበር አሉ። ቀና ብለው አዩአት፤ ለምን ብለው አልጠየቁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአጥሩ ማዶ «ስንዱ» እያሉ ይጣሩ ጀመር፤ እሷም አትሮጥም።

ለዕረፍት ስመለስ ሞላሌ መብራት ገብቶ፣ ሻይ ቤቱ ቴሌቪዥን ሰቅሎ አገኘሁት። ልጃገረዶቹ በመስኮት እየተንጠላጠሉ የዘፋኞቹን መልክ ያያሉ፤ እገሊት እገሊትን ትመስላለች ይባባላሉ። ሁሉም ያው አንድ መልክ ነው፤ ቀይ፣ ቀጭን፣ ሰልካካ። ስንዱ ከመካከላቸው አልነበረችም። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ተሸፍና ከኋላ ትቆማለች። መዝሙር ላይ ከፊት የምትቆመው፣ ድምጿ ከሁሉ የሚበልጠው ልጅ፣ አሁን በነጠላው ውስጥ ታጉረመርማለች። እናቴ፣ «እንዴት ያለች ጨዋ ወጣችልኝ» ብላ ትደሰት ነበር። እኔም ምግባር መሰለኝና እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

ለእናቴ ከደብረ ብርሃን የላስቲክ የልብስ መቆንጠጫ ገዝቼላት ነበር። ልብስ ልናሰጣ ስንል አንዱ ጎደለ። ስንዱን እንድትፈልገው ልነግራት ዞር ዞር ብል ጠፋችብኝ። ከገብሱ ክምር ጀርባ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ አገኘኋት። መቆንጠጫው አፍንጫዋ ላይ ነው። በአፏ ትተነፍሳለች፤ አፍንጫዋ በቅቤ ወዝቷል፤ የተነከሰው ቆዳ እንደ በለስ ጠቁሯል። ስታየኝ አልደነገጠችም።

«ትንሽ ነው የቀረኝ፤ አጥንቴ ሳይጠና ነው» አለችኝ።

መቆንጠጫውን አላቅቄ ወረወርኩት። አቀፍኳት፤ ቆንጆ ነሽ አልኳት፣ እግዚአብሔር በአርአያው ነው የፈጠረሽ አልኳት፣ የማውቀውን ስብከት ሁሉ በላይዋ ላይ አፈሰስኩት። እስክጨርስ ጠበቀችኝና፣ «አንቺው አይደለሽ የነገርሽኝ?» አለች። ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። የጠየቀችው እውነቱን ለማወቅ ያህል ነው። ከሁለቱ የትኛውን እንድታምን መንገር የነበረብኝ ያኔ ነው። እኔ ግን አፌ የለመደውን ቃል አወጣሁ። «ይቅርታ» አልኳት፤ እንደገና።

የቅቤው ታሪክ ወደ ቤተሰቡ የገባው በዚያ ቀን ነው። እናቴ ለቅሶዬን ሰምታ መጥታ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። በሳቅ ፈረሰች። ስለ መቆንጠጫው ግን አልነገርኳትም፤ ስንዱ አስማለችኝ። ስለዚህ ቤተሰቡ የሚያውቀው የሚያስቀውን ግማሽ ብቻ ነው። ሌላውን ግማሽ ዛሬ የጻፍኩት ስንዱ ስለፈቀደችልኝ ነው።

ዓመታት አለፉ። እኔ አግብቼ ባለቤቴን ተከትዬ እዚህ ጋምቤላ መጣሁ። አንድ ነገር ደግሞ ልናገር፤ ካልተናገርኩት ይህ ሁሉ ግብዝነት ይሆናል። እኔ ራሴ ሴት ልጅ ስወልድ፣ ያንን ሁሉ እያወቅኩ፣ ጣቶቼ ሳላዛቸው ወደ አፍንጫዋ ሄዱ። ደጅ ተቀምጬ፣ እግሬን ዘርግቼ፣ በቀለጠ ቅቤ ስስብ ስቆነጥጥ፣ ከአጥሩ ማዶ ያለችው አኙዋክ ጎረቤቴ ደንግጣ መጣች። ልጄን ከላይ እስከ ታች ካየቻት በኋላ፣ «አፍንጫዋ ምን ሆነ?» ብላ ጠየቀችኝ። እጄ እዚያው ቀረ። ያንን ጥያቄ አውቀዋለሁ። ምንም አልሆነም አልኳት፤ ያኔ ለስንዱ ልመልስላት የሚገባኝን መልስ።

አባታችን የሞቱት ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ ነው። እኔ አልደረስኩም፤ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ወሬውም ዘገየ። የሆነውን የሰማሁት ከእናቴም ከእትዬ ወርቄም ነው፤ ሁለቱም እያለቀሱ ነው የነገሩኝ። ስንዱ ከደብረ ብርሃን ደርሳ ከአልጋው አጠገብ ስትንበረከክ ማን ነው የመጣው አሉ። ሰው ሳይመልስላቸው እጃቸውን ሰደዱ። ነጠላዋን ገለጡ። በእነዚያ ክር በሚለዩ ጣቶቻቸው ግንባሯን ዳሰሱ፤ ከቅንድቧ መሀል ጀምረው ቀስ ብለው ወደ ታች ወረዱ። ምንም አልሳቡም፣ ምንም አልቆነጠጡም። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ፊታቸው በራ። «ጎራዳዬ» አሉ።

«አቤት አባባ» አለች ስንዱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ነጠላዋን ከትከሻዋ በላይ አታወጣውም አሉኝ።

የእናቴ ስልክ በተዘጋ በማግሥቱ ስንዱ ደወለችልኝ። ከኋላዋ የሕፃኗ ድምፅ ይሰማል። እንኳን ማርያም ማረችሽ አልኳት፤ ስለ ጡቷ፣ ስለ እንቅልፏ አወራን። ከዚያ፣ «እታለም፣ ቅቤ ይዘው ሊመጡ ነው አሉ» አለችኝ። «እናቴን አትምጪ እንዴት እላለሁ? ናፍቃኛለች። አንቺ ንገሪልኝ። ሁሉንም ንገሪያቸው፤ የመቆንጠጫውንም። ይቅርታ ግን ሁለተኛ እንዳትጠይቂኝ። በጠየቅሽኝ ቁጥር የጎደለኝ ነገር ያለ ይመስለኛል።»

ስለዚህ አልጠይቃትም። ዛሬ እዚህ በየፀጉር ቤቱ፣ በየስልኩ መስታወት ፊት፣ ሴት ልጆቻችን ፊታቸውን ሲያጠብቡና ሲያቀጥኑ ሳይ፣ የእኛ ዘመን ይሻል ነበር ማለት ያምረኛል፤ ብርዱ፣ የባናው ሽታ፣ የማለዳው ፀሐይ ይናፍቀኛል። ግን የእነሱ መስታወት የእኛ ቅቤ ነው። ልዩነቱ እኛ ስንታሽ እየተመረቅን መሆኑ ነው።

እማዬ፣ እትዬ ወርቄ፣ ያን ቀን በአባባ አልጋ ዙሪያ ቆማችሁ የነበራችሁ ሁሉ፤ ይህንን የሚያነብላችሁ ሰው ቀስ ብሎ ያንብብላችሁ። እኔ አላየሁም፤ እናንተ ግን ጣታቸው እንዴት እንደወረደ አይታችኋል። ደብረ ብርሃን ስትደርሱ፣ እጃችሁ እንደልማዱ ወደ ሕፃኗ ፊት ሲሄድ፣ እሱን ቀን አስቡልኝ። ከመሳም በቀር አፍንጫዋን አትንኩት። ከንፈርም አትምጠጡ፤ ሕፃን ይሰማል። እናቷ ከፈቀደች አባባ ባወጡት ስም ጎራዳዬ ብላችሁ ጥሯት፤ ስሙ ባለቤት አጥቶ እንዳይቀር።

ቅቤውን ግን ይዛችሁ ሂዱ፤ ከገብሱ ዱቄት ጋር። ገንፎው ላይ አፍስሱት፤ ስንዱ ጠግባ ትብላ። ከቅሉ ጥግ የተረፈ ካለም፣ በዚያ ቤት የሚገኝ ልጅ ጣቱን ሰዶ ይላሰው። አትቆጡት።